«የሐኪም ገንዘብ አይካድም»

«የሐኪም ገንዘብ አይካድም፣ ልጄ።»

ይህን ያሉኝ አንድ አባት ናቸው፤ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ። ደረታቸውን ወግቷቸው ኢመርጀንሲ ገብተው፣ ሲመረመሩ አምሽተው፣ ልባቸው ደህና ነው ተብለው ወጥተዋል። ከወር በኋላ የመጣው ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ በጉልህ 4,800 ዶላር ይላል። (ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።) በወር መቶ መቶ ዶላር ቢከፍሉ መቼ እንደሚያልቅ እያሰሉ ነበር። «አባባ፣ ከመክፈልዎ በፊት ዝርዝሩን እንጠይቃቸው» ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ። ታክመዋል፣ ድነዋል፤ አሁን ተመልሶ «ለምን ይህን ያህል ሆነ?» ማለት ለእሳቸው ክህደት ነው።

ያቺ ንግግር ከዚያ ወዲህ ስትመላለስብኝ ከረመች። የዋህነት ናት ብዬ ልተዋት አልቻልኩም፤ ባደግንበት ሥርዓት ትክክል ናትና። አገር ቤት የግል ክሊኒክ ስትሄዱ ካርድ ለማውጣት ትከፍላላችሁ። ላብራቶሪ ከመግባታችሁ በፊት ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ትሰለፋላችሁ፤ ራጅ ከመነሳታችሁ በፊት እንደገና። ዋጋው ቀድሞ ይነገራል፤ ከከበዳችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሌላ ቦታ ትሞክራላችሁ። በዚህ መሃል ሐኪሙ አምኖ በዱቤ ካከማችሁ፣ ያ ዕዳ የክብር ዕዳ ነው። ማንም አይከራከርበትም።

የአሜሪካ ሆስፒታል ፖስታ ግን ሌላ ነገር ነው። 4,800 የምትለው ቁጥር የተስማማችሁባት ዋጋ አይደለችም። ሆስፒታሉ ራሱ ከሚያዘጋጀው፣ ቻርጅማስተር ከሚባል ረጅም የዋጋ መዝገብ የወጣች መነሻ ናት። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች እሷን አይከፍሉም፤ በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ የሆነው ሜዲኬርም አይከፍልም። መርካቶ ነጋዴው መጀመሪያ እንደሚጠራት ዋጋ ቁጠሯት። ልዩነቱ እዚህ የሚከራከርላችሁ ኢንሹራንሳችሁ መሆኑ፣ ክርክሩም ገና ሳትታመሙ በውል ማለቁ ነው። ችግር የሚመጣው ያ ውል በእናንተ ሒሳብ ላይ ሳይሠራ ሲቀር ነው። ያኔ የመጀመሪያዋ ጥሪ፣ ማንም ሊከፍላት ያላሰባት፣ ቀጥ ብላ የእናንተ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ትገባለች።

ሁለቱ ዜሮዎች

ሰው ቢል ሲከፍት ዓይኑ የሚያርፈው ታች በትልቁ በተጻፈው ላይ ነው። የአባባን ወረቀት የቀየረው ግን መሃል ላይ በትንሹ የተጻፈ ነገር ነው። አብዛኛው የሆስፒታል ቢል እዚያ ሁለት መስመር አለው፦ «ኢንሹራንስ ፔይመንት» እና «አድጀስትመንት»። የመጀመሪያው ኢንሹራንሱ የከፈለው ነው። ሁለተኛው ሆስፒታሉ በውሉ መሠረት ከራሱ ዋጋ ላይ የሰረዘው ነው። በሁለቱም ላይ የሚታየው 0.00 ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ሰው ሁሉ የሚስተው ይህን ነውና። ኢንሹራንሱ ዜሮ መክፈሉ ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም። ዲዳክቲብላችሁን ገና ካላሟላችሁ፣ ማለትም በዓመቱ መጀመሪያ ከኪሳችሁ መውጣት ያለበት ገንዘብ ካልወጣ፣ ኢንሹራንሱ አንዲት ሳንቲም ሳይከፍል ሊያልፍ ይችላል። ያኔም ቢሆን ግን አድጀስትመንቱ ዜሮ ሊሆን አይገባም። ሆስፒታሉ ኔትወርክ ውስጥ ከሆነ፣ ማለትም ከኢንሹራንሳችሁ ጋር ውል ካለው፣ የውሉ ዋጋ የሚሠራው ከፋዩ እናንተም ብትሆኑ ነው። ስለዚህ ክፍያው ዜሮ፣ ቅናሹ ግን 2,700 ከሆነ፣ ኢንሹራንሱ ሒሳቡን አይቶታል፤ ዕዳው 2,100 ነው፣ ዲዳክቲብል ነው። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ግን ኢንሹራንሱ ወይ ሒሳቡን ጭራሽ አላየውም፣ ወይ አይቶ መልሶታል። ያ ወረቀት ገና ያላለቀ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፖቶማክን ተሻግራችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ከታከማችሁ ይህ ዘዴ እንዲህ አይሠራም። ሜሪላንድ ውስጥ የሆስፒታል ዋጋ የሚተምነው የስቴቱ ኮሚሽን ነው፤ ከፋዮች ሁሉ የሚከፍሉት ተቀራራቢ ስለሆነ የሆስፒታሉ አድጀስትመንት በጣም ትንሽ ሊሆን ይችላል። የሐኪሞቹ ቢል ግን በዚህ አይገዛም።

ኢንሹራንሱ ሒሳቡን ማየቱን የሚያረጋግጠው ሁለተኛ ወረቀት ኢኦቢ (ኤክስፕላኔሽን ኦፍ ቤኔፊትስ) የሚባለው የኢንሹራንሱ የሒሳብ መግለጫ ነው። ኢንሹራንሱ ራሱ ይልከዋል፣ ወይም ድረ ገጹ ላይ ያስቀምጠዋል። አናቱ ላይ «ይህ ቢል አይደለም» ስለሚል ብዙ ሰው ጥሎት ያልፋል። ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። የትክክለኛው ዕዳ ስሌት ያለው እዚያ ነውና። የአባባ ሒሳብ በደንቡ ቢሠራ እንዲህ ይሆን ነበር፦ ሆስፒታሉ የጠየቀው 4,800፣ የውሉ ዋጋ 2,100። ከዓመቱ ዲዳክቲብል የቀራቸው 1,000 ነበር፤ እሱን ይከፍላሉ። ከቀረው 1,100 ላይ ኮኢንሹራንሱ፣ ማለትም ታካሚው የሚካፈለው ድርሻ፣ 20 በመቶ ነው፣ 220። በድምሩ 1,220። ቀሪውን 880 ኢንሹራንሱ ይከፍላል። በ4,800 እና በ1,220 መካከል ያለውን 3,580 ዶላር እሳቸው በመቶ በመቶ እየከፈሉ ሦስት ዓመት ሊለቅሙት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ።

ስለዚህ የእኔ ደንብ አጭር ናት፦ ቢሉን ከኢኦቢው አጠገብ ሳታስቀምጡ አትክፈሉ። የሕክምናው ቀን አንድ መሆኑን፣ ኢኦቢው ላይ «የእናንተ ድርሻ» የሚለው ከቢሉ ጋር ሳንቲም ሳይቀር መግጠሙን እዩ። ካልገጠመ ኢኦቢው ነው የሚታመነው።

እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባው የፖስታዎቹ ብዛት ነው። ለአንድ የኢመርጀንሲ ምሽት ሦስት ቢል ሊመጣ ይችላል፦ የሆስፒታሉ፣ የኢመርጀንሲ ሐኪሙ፣ ራጁን ያነበበው ሐኪም። «አንዴ ከፍዬ ድጋሚ ጠየቁኝ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የሚነሳ ነው። የልብ ምርመራዋን ኢኬጂን ብንወስድ፣ ሆስፒታሉ ማሽኑን አስሮ በማንሳቱ በኮድ 93005 ይጠይቃል፤ ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ በመተርጎሙ በኮድ 93010 ይጠይቃል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ትክክል የማይሆነው አንዱ ወገን ብቻውን ሁለቱን የሚያጠቃልለውን 93000 ጽፎ ሌላው ደግሞ ድርሻውን ሲደግም ነው። በተለይ መታየት ያለበት ደግሞ የኢመርጀንሲ ደረጃ ኮድ ነው፤ ከ99281 እስከ 99285 ይሄዳል፣ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ዋጋው ያድጋል። ለደረት ውጋት 99284 ወይም 99285 ማየት አይገርምም። ለተቆረጠች ጣት 99285 ካያችሁ ግን ጠይቁ።

ሆስፒታሉ ወይም ኢመርጀንሲ ሐኪሙ ከኔትወርክ ውጭ ነው ቢባልስ? ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው ኖ ሰርፕራይዝስ አክት የተባለው የፌዴራል ሕግ፣ ለኢመርጀንሲ ሕክምና ከኔትወርክ ውስጥ ድርሻችሁ በላይ እንዳትጠየቁ ይከለክላል። የመኪና አምቡላንስን ግን አይጨምርም። የሄሊኮፕተሩን ጨምሮ የመሬቱን መተው ያስቃልም ያናድዳልም።

ላስት ኔም የለንም

ሁለቱን ዜሮዎች ያመጣቸው ምን ነበር? ስም ነው።

እዚህ አገር ሒሳብ ወደ ኢንሹራንስ ሲላክ ኮምፒውተር የሚያመሳስለው የአባልነት ቁጥርን፣ ስምንና የትውልድ ቀንን ነው። ከእነዚህ አንዱ ካልገጠመ ክሌይሙ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የተላከው የክፍያ ጥያቄ፣ «አባል አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። እኛ ደግሞ «ላስት ኔም» ለሚባለው ነገር መልስ የሌለን ሰዎች ነን። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም መጨረሻ ተቀምጧል፤ መሥሪያ ቤቱ የአባትን ስም ላስት ኔም ብሎ መዝግቧል፤ ሆስፒታል ሌሊት የተቀበለችው ሠራተኛ የሰማችውን ጽፋለች። ገብረ ማርያም የሚባል ሰው ደግሞ ባዶ ቦታዋ ጉድ ታደርገዋለች፦ አንዱ ጋ «ገብረ» ፈርስት ኔም፣ «ማርያም» ሚድል ኔም ይሆናል፤ ሌላው ጋ አንድ ላይ ተጽፏል። ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። በእኛና በእነሱ አቆጣጠር መካከል ያለው ሰባት ስምንት ዓመት አንዱ ወረቀት ላይ ተቀይሮ ሌላው ላይ ሳይቀየር ሲቀር አይቻለሁ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የኢንሹራንስ ካርዱ ላይ ስሙ እንዴት ነው የተጻፈው? ሆስፒታል ስትመዘገቡ ልክ እንደዚያ፣ ፊደል በፊደል፣ እንዲጻፍ አድርጉ። በቃል አትናገሩ፤ ካርዱን ስጡ፣ የጻፉትን አሳዩኝ በሉ። ካርዱ ራሱ ከተሳሳተ ደግሞ የሚታረመው በመሥሪያ ቤታችሁ የሰው ኃይል ክፍል በኩል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የሕፃናት ጉዳይ ነው። እናት ትወልዳለች፤ ሆስፒታሉ ሕፃኗን በእናቲቱ ላስት ኔም፣ «ቤቢ ገርል» ብሎ ይመዘግባታል። የእናቲቱ ላስት ኔም የእሷ አባት ስም ነው። ሕፃኗ ግን የልደት ምስክር ወረቀት ስታገኝ በአባቷ ስም ትጠራለች፤ ኢንሹራንስ ውስጥ የምትገባውም በዚያ ነው። እናት፣ አባትና ልጅ ሦስት የተለያየ ላስት ኔም አላቸው። ለእኛ ተራ ነገር ነው፤ ለቢሊንግ ክፍሉ ግን አባቷ የማይታወቅ፣ ኢንሹራንስ የሌላት ሕፃን ናት። የእናቲቱ ወሊድ ተከፍሎ የሕፃኗ ሒሳብ ሙሉ ዋጋውን ይዞ የሚመጣው በዚህ ነው። በዚያ ላይ የቀን ገደብ አለ፦ በሥራ በኩል በሚገኝ ኢንሹራንስ አዲስ ሕፃን ለማስገባት ሕጉ የሚያስገድደው ቢያንስ 30 ቀን ነው፤ በማርኬትፕሌስ፣ ማለትም በመንግሥት በተቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ፣ ከተገዛ 60 ቀን። በዚያ ውስጥ ከተመዘገበች ሽፋኑ ከተወለደችበት ቀን ይጀምራል። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ እስኪመጣ እንጠብቅ ብላችሁ አትቀመጡ። ቁጥሩ በኋላ ይሞላል፤ ያለፈ ቀን ግን አይመለስም። ገንፎ ሊበላ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ይህን ብትነግሩት ደስ ይለኛል።

ሌላው የዜሮ ምንጭ ከኢንሹራንሱ የምትመጣ፣ ማስታወቂያ የምትመስል ደብዳቤ ናት። «ሌላ ኢንሹራንስ አለዎት?» ትላለች፤ ወይም «ይህ ጉዳት የመኪና አደጋ ነው? የሥራ ላይ አደጋ ነው?» ትላለች። መልስ እስክታገኝ ክሌይሙ ይታገዳል። ታክሲና ሊሞ የሚነዱ ወንድሞቻችን የጀርባ ሕመም ይዘው ሲሄዱ ይህች ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ትከተላቸዋለች። በሁለት ደቂቃ የስልክ መልስ የሚያልቅ ነገር፣ ዝም ሲባል ሺህ ዶላር ይሆናል። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም። እዚህ ይነቅዛል።

ስልኩ ላይ የሚባለው

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ቢሊንግ ክፍል ስትደውሉ መጀመሪያ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ «አማሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ማለት ይበቃል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል፣ ማለትም ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ በነፃ ማቅረብ አለበት። እንግሊዝኛ የሚችሉ ሰዎችም ቢሆኑ ለዲዳክቲብልና ለአፒል (ለይግባኝ) ሲሆን አስተርጓሚ ቢይዙ አይጎዱም። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የአባቱን ዕዳ በስልክ መከራከር የለበትም።

ከዚያ ሦስት ነገር ትጠይቃላችሁ። አንደኛ «አይተማይዝድ ቢል» ላኩልኝ፤ እያንዳንዱ አገልግሎት በየኮዱና በየዋጋው የተዘረዘረበት ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ኢንሹራንሴ በምን ስም፣ በምን የልደት ቀን፣ በምን የአባልነት ቁጥር ነው የተጻፈው? አንብቡልኝ። ስህተቱ ከተገኘ እንዲያርሙትና «ሪቢል» እንዲያደርጉ፣ ማለትም እንደገና ለኢንሹራንሱ እንዲልኩ ትጠይቃላችሁ። ሦስተኛ፣ ይህ እስኪያልቅ ሒሳቤን «ሆልድ» አድርጉት፣ ማለትም አቆዩት። ይህችን ሦስተኛዋን ሰው ይረሳል፤ ማረሚያው ሁለት ወር ሲፈጅ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ወደ ኮሌክሽን፣ ማለትም ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት፣ ይልከዋል። ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት የሠራተኛውን ስም፣ ቀኑንና የጥሪውን «ሪፈረንስ ነምበር» ፖስታው ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ጥሪ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር» ስትሉ የሚያናግራችሁ ሰው ድምፁ ይለወጣል።

ሆስፒታሉ «ኢንሹራንስዎ ጊዜው አልፏል ብሎ መለሰው» ቢላችሁ አትደናገጡ። ክሌይም የሚላክበት የጊዜ ገደብ አለ፤ ሜዲኬር ዘንድ 12 ወር ነው፣ በግል ኢንሹራንስ በውላቸው ይወሰናል። ካርዳችሁን በጊዜው ሰጥታችሁ፣ ኔትወርክ ውስጥ ያለ ሆስፒታል ዘግይቶ ከላከ፣ ጥፋቱን ወደ እናንተ ማዞር ውላቸው አብዛኛውን ጊዜ ይከለክላቸዋል። ኢንሹራንሱ ለሆስፒታሉ በሚልከው ወረቀት ላይ የመልሱ ኮድ ይጻፋል፦ በ«ሲኦ» የሚጀምር ከሆነ በሆስፒታሉና በኢንሹራንሱ ውል መካከል ያለ ጉዳይ ነው፣ በ«ፒአር» የሚጀምር ከሆነ የታካሚው ድርሻ ነው። ሲኦ 29 ማለት ዘግይቶ ተላከ ማለት ነው። «ኮዱ ሲኦ ነው ፒአር?» ብላችሁ ጠይቁና የሚሆነውን አድምጡ።

ኢንሹራንሱ ሒሳቡን በትክክል አይቶ እምቢ ካለ መንገዱ ሌላ ነው፤ አፒል ይባላል። የእምቢታው ደብዳቤ ከደረሳችሁ ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ። ደብዳቤው ምክንያቱን የመግለጽ ግዴታ አለበት። ስልክ ብቻውን አይበቃም፤ በጽሑፍ ይሁን፣ የሐኪማችሁ ደብዳቤ ይታከልበት። ለተሰጠ ሕክምና ኢንሹራንሱ በ60 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። እንደገና እምቢ ካለና ክርክሩ የሕክምና ፍርድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ በአራት ወር ውስጥ ከኩባንያው ውጭ ባለ ገለልተኛ አካል እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ የእሱ ውሳኔ ኢንሹራንሱን ያስገድደዋል።

አፒል እንኳ የማያስፈልገው፣ የኮድ ስህተት ብቻ የሆነ አንድ ጉዳይ ግን ደጋግሜ ስላየሁ ልጥቀሰው፤ ኮሎኖስኮፒ። ዕድሜያቸው 45 ዓመት ለሞላቸው የአንጀት ካንሰር ምርመራ በመከላከያነት ስለሚቆጠር ለአብዛኞቹ ኢንሹራንሶች ያለ ክፍያ ነው። ሐኪሙ በምርመራው መሃል ፖሊፕ አግኝቶ ቢቆርጥም በግል ኢንሹራንስ ዘንድ መከላከያነቱ አይቀርም። ነገር ግን ኮዱ 45378 መሆኑ ቀርቶ 45385 ይሆናል፤ ከጎኑ 33 የምትል ሞዲፋየር (የኮድ ተጨማሪ ምልክት) ካልተጻፈች ኮምፒውተሩ እንደ ሕክምና ይቆጥረዋል፣ ዲዳክቲብልም ይመጣል። ሐኪሙ ቢሮ ደውላችሁ «ለስክሪኒንግ ነው የሄድኩት፤ ሞዲፋየር 33 ጨምራችሁ እንደገና ላኩት» ማለት ይበቃል።

በሽታውን የደበቀ

አሁን ወደ ከባዱ። ሒሳቡ ታርሞ፣ ትክክለኛው ዕዳ ታውቆ፣ አሁንም የማይቻል ቢሆንስ?

ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች፣ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፣ ግብር የማይከፍሉት በቅድመ ሁኔታ ነው። በጽሑፍ የሰፈረ የፋይናንሻል አሲስታንስ ፖሊሲ፣ ማለትም ገቢው ዝቅ ላለ ታካሚ ቢሉን የሚቀንስ ወይም የሚተው ደንብ፣ ሊኖራቸው ይገባል፤ ሰው ሁሉ እንዲያየውም ማድረግ አለባቸው። ቢሉ ጀርባ ላይ በትንሹ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የገቢው ወሰን ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል፤ የሚለካው በፌዴራሉ የድህነት መስመር ነው። ለ2025 መስመሩ ለአንድ ሰው 15,650፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 32,150 ዶላር ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ሆስፒታሎች እስከ መስመሩ 200 በመቶ ድረስ ገቢ ላለው ሰው በነፃ እንዲያክሙ የስቴቱ ሕግ ያዛል፤ ለአራት ሰው ቤተሰብ 64,300 ማለት ነው። ዋሽንግተን ስቴት፣ ሲያትል ላላችሁ፣ ከጁላይ 2022 ወዲህ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች እስከ 300 በመቶ ድረስ ሙሉ በሙሉ ይተዋሉ። እነዚህ የለማኝ ገቢዎች አይደሉም። የፓርኪንግ፣ የሆቴልና የነርሲንግ ሆም ሠራተኛ ገቢዎች ናቸው።

ለማመልከት ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከበት ቀን ጀምሮ 240 ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ውስጥ ሆስፒታሉ ፍርድ ቤት መሄድ ወይም የሰውን የብድር ታሪክ ለሚመዘግበው ክሬዲት ቢሮ ማሳወቅ አይችልም። በ240ው ቀን ውስጥ ካመለከታችሁና ከተፈቀደላችሁ ደግሞ፣ ቀድሞ የከፈላችሁትን ትርፍ ይመልሳሉ። ኢንሹራንስ አለኝ ብላችሁም አትተዉት፤ ከኢንሹራንሱ ክፍያ በኋላ በእናንተ ላይ የቀረውን ሒሳብ የሚሸፍኑ ሆስፒታሎች ብዙ ናቸው።

ማመልከቻው የሚበላሽበት ቦታ ገቢው ላይ ነው። ለኡበርና ለሊፍት የሚነዳ ሰው ኩባንያው የሚልክለትን የዓመት ገቢ ወረቀት፣ 1099ውን፣ ብቻ ካያያዘ፣ ተሳፋሪው የከፈለው ሁሉ የእሱ ገቢ ይመስላል፤ ኮሚሽኑም ቤንዚኑም ማይሉም እዚያው ውስጥ ነው። መያያዝ ያለበት የታክስ ሪፖርቱ ከነስኬጁል ሲው (የግል ሥራ ገቢና ወጪ ከሚዘረዘርበት ቅጽ ጋር) ነው፤ የተጣራው ገቢ እዚያ ነውና። ወደ አገር ቤት ለእናት ለእህት የሚላከው ገንዘብ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም፤ በግማሽ ገጽ ደብዳቤ ብታብራሩት ግን ፋይሉን የሚያየው ሰው ነው።

ሰው የሚፈራው ሌላ ነገር አለ፦ «ግሪን ካርዴን ይነካብኛል»። የሆስፒታሉ ቅናሽ የሆስፒታሉ ነው፤ የመንግሥት ድጎማ አይደለም። ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ለሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ለሜዲኬይድ፣ አብራችሁ እንድታመለክቱ ከጠየቋችሁና ወረቀታችሁ ገና ከሆነ፣ ያኔ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግሩ። ሁለቱን አታምታቱ።

ያም ሆኖ ከፍርሃቱ ይልቅ ይሉኝታው ይከብዳል። ቅጹ «በቤትዎ ስንት ሰው አለ? ባንክ ስንት አለዎት?» ይላል። ለጎረቤት ያልተነገረ ጉድ ለማያውቁት ሠራተኛ መጻፍ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን፤ የኪስ በሽታ ሲሆን ግን ደብቀን እንሞታለን። ለቅሶ ሲሆን ዕድር ይደርሳል፣ ማንም አያፍርም፤ ስላዋጣን መብታችን ነው። ይህም ሆስፒታሉ ግብር ባለመክፈሉ በተዘዋዋሪ የተዋጣ ነው፤ ከእኛም ደመወዝ ጭምር። እንዲህ ብዬ ሳስረዳ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ቅጹን መሙላቱን ግን አላውቅም።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ቢሮው ውስጥ ፈገግ ብላ «ወለድ የሌለው ካርድ ልክፈትልዎ?» የምትል ሠራተኛ ካጋጠመቻችሁ ትንሽ ታገሡ። ለሕክምና ተብለው የሚሰጡት የክሬዲት ካርዶች ብዙዎቹ ወለዱን አያስቀሩም፤ ያቆዩታል እንጂ። በተባለው ጊዜ፣ ስድስት ወር ወይም ዓመት፣ ሙሉው ካልተከፈለ ወለዱ ከመጀመሪያዋ ቀን ተቆጥሮ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ብዙ ሆስፒታሎች ራሳቸው ያለ ወለድ በየወሩ እንድትከፍሉ ይስማማሉና። ቀስ በቀስ መክፈል ከፈለጋችሁ ከሆስፒታሉ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ።

ካርዱ የሚጎዳበት ሌላም ምክንያት አለ። የሕክምና ዕዳ እንደ ሕክምና ዕዳ እስካለ ድረስ ጥበቃ አለው። ሦስቱ ክሬዲት ቢሮዎች ወደ ኮሌክሽን የሄደን የሕክምና ዕዳ ለአንድ ዓመት አይመዘግቡም፤ የተከፈለውን ያነሳሉ፤ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ደግሞ ከ500 ዶላር በታች የሆነውን አያሳዩም። ሁሉንም የሕክምና ዕዳ ከክሬዲት ሪፖርት ሊያስወጣ የነበረውን የፌዴራል ደንብ ግን ቴክሳስ ያለ ፍርድ ቤት በጁላይ 2025 ሽሮታል። ዕዳው ካርድ ላይ አንዴ ከገባ እንደ ጫማና ቴሌቪዥን ዕዳ ይቆጠራል።

ኮሌክሽን ከደወለ በስልክ ምንም አትስማሙ፤ የባንክ ቁጥር አትስጡ። የዕዳው ማረጋገጫ ደብዳቤ ከደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ «አልቀበልም፣ አረጋግጡልኝ» ካላችሁ፣ እስኪያረጋግጡ ማሳደዱን ማቆም አለባቸው። ቅጂውን አስቀሩ፣ በሰርቲፋይድ ፖስታ ላኩት።

ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው አንድ ነገር ብቻ፦ አስቀድሞ ለተያዘ ሕክምና በጽሑፍ የዋጋ ግምት የማግኘት መብት አላችሁ። ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ ቢሉ ላይ ካለው ቀን ጀምሮ በ120 ቀን ውስጥ በ25 ዶላር ክፍያ ለፌዴራል መንግሥቱ አቤት ማለት ይቻላል።

የአባባ ጉዳይ አርባ ቀን ያህል ፈጀ። ስማቸው ታረመ፣ ክሌይሙ እንደገና ተላከ፣ ኢኦቢው መጣ፤ 1,220። ቢሉና ኢኦቢው ሳንቲም ሳይቀር ሲገጥሙ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። «አሁን ይቺ የሐኪም ገንዘብ ናት» አሉና ያንኑ ቀን ሙሉውን በቼክ ከፈሉ። ገቢያቸው ለቅናሹ የሚበቃ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ፤ ቅጹንም አትሜ ሰጥቻቸዋለሁ። «ለሱ እናስብበታለን» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ፖስታው ጀርባ ላይ 240ኛው ቀን የሚውልበትን ቀን በእርሳስ ጽፌላቸዋለሁ።